ከአንድ ዓመት በቀር

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ጋሽ አምሃ አረፉ ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ዕንባው በኋላ መጣ፤ ሲመጣም ብዙ ነበር። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ በሆዴ ያልኩት "እንዲህ ሳንነጋገር ይሄዳሉ?" ነው።

የደወለልኝ ግርማ ነው፣ የዕድራችን ጸሐፊ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ሲያትል ላይ ጡሩምባችን የግርማ ስልክ ነው። ስንቱን መርዶ ተናግሮ ነው መሰለኝ፣ ሰው ሲሞት ድምፁ እንኳ አይለወጥም።

"አስቱ፣ ኮል ያደረግኩሽ ለመርዶው ብቻ አይደለም፤" አለኝ። "ቤተ ክርስቲያን ላይ የሕይወት ታሪካቸውን የምታነቢው አንቺ ነሽ። እትዬ ሶስና ራሳቸው ናቸው አንቺን ያሉት። ጽሑፉን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ኦኬ?"

"ሚስታቸው? እኔን?"

"ድምፅሽ ይሰማል። ደግሞ ትቀርቢያቸው ነበር።"

እሱስ እውነት ነው፣ እቀርባቸው ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ለሩቅ ሰው አይደለም።

እኔ ሲያትል ስገባ ጋሽ አምሃን የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም። ቀጭን፣ ረዥም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ከትከሻቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። ሥራቸው አንድ ኮሌጅ ውስጥ የጃፓን ታሪክ ማስተማር ነው። "የምን?" እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ብያለሁ። በወጣትነታቸው የትምህርት ዕድል አግኝተው ጃፓን ሄዱ፣ ቋንቋውን ከነጽሕፈቱ ተማሩ፣ ከዚያም ትምህርታቸውን ለመቀጠል አሜሪካ መጥተው ሳለ አብዮቱ ፈነዳና እዚሁ ቀሩ። በሌሉበት "ጃፓኑ" የሚሏቸው ነበሩ። ቢሰሙም የሚከፉ አይመስለኝም።

ዕድሩን ያቋቋሙትም፣ ዳኛውም እሳቸው ናቸው። የምንሰበሰበው ኮሎምቢያ ሲቲ በተከራየናት አዳራሽ ነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ጋሽ አምሃ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ካላስቀመጡ ስብሰባ አይጀመርም። ሰዓቱን ሲፈቱ፣ ከኋላ በእንግሊዝኛ የሚንጫጩት ልጆች ሳይቀሩ ጸጥ ይላሉ። መልሰው ካሰሩት አለቀ፤ የሚናገር ሰው መሃል ላይ ቢሆንም ግድ የላቸውም፣ ኮታቸውን ያነሣሉ።

ከስብሰባው በኋላ እኔን ሬኒየር ቢች ቤቴ ድረስ ያደርሱኛል። የሳቸው ቤት ሾርላይን ነው፣ በከተማው ሌላኛው ጫፍ። "መንገዴ ነው" ይላሉ። ምኑ ነው መንገዳቸው! ደግሞ እየነዱ ማውራት አይችሉም። ወሬው ሲሞቅ ጥግ ይይዙና ፓርክ ያደርጋሉ፤ ጨርሰው ይነሣሉ፤ ትንሽ ሄደን ሌላ ወሬ ይሞቃል፣ እንደገና ጥግ። በአውቶቡስ ብሄድ እራቴን በልቼ ዕቃዬን አጥቤ እጨርስ ነበር። ግን ማን አውቶቡስ ይመርጣል? አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ አስቀምጦ ታሪክ የነገረኝ ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው።

ስለ ሾኬይ የሰማሁትም እንዲሁ ጥግ ይዘን ነው። ዝናቡ የመኪናውን ጣሪያ ይደበድባል።

"አስቴርዬ፣ አንድ ዘመን ልንገርሽ፤" አሉ። "በድሮ ጃፓን ዘመን የሚቆጠረው በስም ነው። ንጉሠ ነገሥት ሲለወጥ፣ ወይም መቅሠፍት ሲመጣ፣ አዲስ ስም ይወጣና ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ታዲያ አንዱ ንጉሠ ነገሥት ከጦር አለቆች ጋር ተጣላና ተይዞ ወደ ደሴት ተጋዘ። በሱ ቦታ ሌላ ወጣት አነገሡ። የወጣቱ ዘመን ሾኬይ ተባለ።"

"ስንት ዓመት ቆየ?"

"ምን ይቆያል! ዓመት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ግዞተኛው በጀልባ አመለጠ፤ ደረቅ ዓሣ ከላዩ ከምረውበት ነው ይላሉ። አሸንፎ ከተማ ሲገባ ዘውድ መልሶ የጫነ እንዳይመስልሽ። ለምን ይጭናል? ወርጄ አላውቅም አለ! መንገድ ሄዶ እንደተመለሰ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ ገባ። ሾኬይ የሚባል ዘመንም አልነበረም ተባለ።"

"ወጣቱስ?"

ሳቃቸው መጣ። "እሱንማ 'የቀድሞ ንጉሠ ነገሥት' አለው። ነግሦ አያውቅም፣ ግን የቀድሞ ነው!"

እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚያ ዘመን ላይ ነው፤ ግን ስለ ነገሥታቱ አይደለም። በዚያች ዓመት ሹመት ስላገኙት ትንንሽ ሰዎች ነው።

"እስቲ አስቢው፤" አሉ፣ ጉም የሸፈነውን መስታወት በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ ደጅ ሲጠና ኖሮ በዚያች ዓመት አንዲት እርከን ከፍ ይላል። ለልጆቹ ይነግራል። ለእናቱ ይነግራል። አንድ ጧት ሲነሣ፣ አልተሾምክም ይሉታል። ተሻርክ አይደለም እኮ አስቴርዬ፣ አልተሾምክም! የተሻረ ሰው ቢያንስ ነበርኩ ይላል።"

ዓይናቸው ዕንባ አዝሎ ነበር። ስንት መቶ ዓመት ለሞላው የጃፓን ጸሐፊ የሚያለቅስ ሰው፣ ዓይኑ እያየ የሰው ልብ ይሰብራል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ተመነጠርኩ።

መንግሥት ተለውጦ የአገር ቤት መንገድ ከተከፈተ በኋላ ጋሽ አምሃ "እህቴን ጠይቄ ልምጣ" አሉን። የሚሄዱበት ቀን ሲቃረብ በስብሰባው ላይ ሰዓታቸውን ፈትተው "እኔ እስክመለስ አስቴር ትምራን፤ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አሉ። አዳራሹ ሙሉ እጅ ወጣ። ሴት የዕድር ዳኛ ሆና አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለት ወር ያሉት ዓመት አለፈው። ወሬያቸው ጠፋ። እትዬ ሶስና ሲጠየቁ "ደህና ናቸው" ከማለት በቀር ምንም አይጨምሩም። እኛም ሥራችንን ቀጠልን። ሰው ስንቀብር፣ ልቅሶ ስንደርስ ከረምን፤ ከሁሉ በላይ ግን ላጤዎችን አስገባን።

የዕድራችን ደንብ ባልና ሚስት ካልሆነ አይቀበልም ነበር። "ላጤ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ አትላንታ ነው" ይባላል። ልክ ነው፣ አንዳንዱ ይሄዳል። በላይነሽ ግን ወዴት ትሄዳለች? በላይነሽ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የምትሠራ፣ እኔ የምኖርበት ሕንጻ ላይ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ባል የላትም። እናቷን እማማ ደስታን ከኢሚግሬሽን ጋር ስንት ተሟግታ ነው ከአገር ቤት ያመጣቻቸው። አሮጊቷ መስኮት ስር ቁጭ ብለው እኔን ባዩኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦

"የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር ስሞት የሚያወጣኝ ማን ነው? ይቺ ልጅ ዕድር የላትም።"

ነገሩን ለስብሰባ አቀረብኩ። ሁለት እሑድ ተጨቃጨቅን። የተቆጡም ነበሩ። በመጨረሻ እጅ ወጣ፣ አለፈ። እኔ ራሴ ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ "ገብታችኋል!" አልኳቸው። በላይነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እማማ ደስታ ግን እልል ብለው ሲያበቁ ምን አሉ መሰላችሁ?

"ተመስገን! እንግዲህ ልሙታ!"

ሳቅን። እስኪያመን ሳቅን።

ከዚያ አንድ እሑድ፣ ስብሰባው ተጀምሮ በሩ ተከፈተ። ጋሽ አምሃ! ኮታቸው ጭራሽ ሰፍቷቸዋል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ሰዉ ተራ በተራ ሳማቸው፣ እኔም አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ወደ ጠረጴዛው ሲመጡ ከወንበሩ ተነሣሁላቸው። ለታላቅ ይነሣል፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ተቀመጡበት። ሰዓታቸውን ፈቱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እሺ፣ የት ደርሰን ነበር?"

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ግርማ በሌሉበት የተደረገውን ሊዘረዝርላቸው ጀመረ። እጃቸውን አነሡ።

"ተወው ግርማ። ዳኛ በሌለበት ሰው ተሰብስቦ ተጫወተ እንጂ፣ የዕድር ስብሰባ አልነበረም።"

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። "ጋሽ አምሃ፣ ተመርጬ ነው እኮ። እርስዎ ራስዎ ነዎት እጅ ያስወጡት።"

"አደራ ነው የሰጠሁሽ አስቴርዬ። ቦታ መጠበቅ።"

"የገቡትስ ሰዎች?"

"እሱ በጠቅላላ ጉባኤ በሥርዓቱ ይታያል። እስከዚያ አልገቡም።"

ልብ በሉ፣ ይውጡ አላሉም። አልገቡም ነው ያሉት። አዳራሹን ዞር ብዬ አየሁት። ያን ሁሉ እጅ ያወጣልኝ ሰው ጫማውን ያያል። አንዱ እንኳ "ኧረ ጋሽ አምሃ!" አላለም። በላይነሽ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ ቦርሳዋን ይዛ ቀስ ብላ ወጣች።

ያን ቀንም "መንገዴ ነው" አሉኝ። ሰው ፊት ከማፋጥጣቸው ለብቻቸው ልጠይቅ ብዬ ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን አላስቻለኝም።

"ጋሽ አምሃ፣ ይሄ እኮ ሾኬይ ነው።"

መሪውን ጨበጥ አደረጉ። "ታሪክና ዕድር አንድ አይደለም።"

"ያ ጸሐፊስ? ለእናቱ የነገረው?"

ለጃፓኑ ጸሐፊ ጥግ ይዘው ያለቀሱት ሰው፣ ያን ቀን አንድም ቦታ አልቆሙም። ቀጥ አድርገው ነድተው ቤቴ ደጃፍ አወረዱኝ። ከመውረዴ በፊት ብቻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ "በላይነሽ መግባቷ ትክክል ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ እኔው ራሴ አቀርባታለሁ፤ ትንሽ ትጠብቅ" አሉ።

ሞት ጉባኤ አይጠብቅም። እማማ ደስታ ጉባኤው ሳይደርስ አረፉ።

ግርማ ጋ ደወልኩ። "አስቱ፣ ምን ላድርግ፣ አባል አይደሉም እኮ። ጋሽ አምሃን ሳልጠይቅ ሰው ብጠራ ይቆጡኛል" አለ። ቀብሩ የሥራ ቀን ላይ ነበር፤ ዕድር ካልጠራው ማን ከሥራው ይቀራል? ቄሱ፣ በላይነሽ፣ እኔ፣ ከሥራ ቦታዋ የመጡ ሁለት ፊሊፒናውያን፣ ሌሎች ጥቂት ጎረቤቶች፤ በቃ ይኸው ነን። ሣጥኑን የተሸከሙት ጥቁር ኮት የለበሱ የቀብር ድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው። የሟቿን ስም እንኳ በወጉ መጥራት አልቻሉም።

በላይነሽ እንደ ሌላ ሰው አልጮኸችም። ወደ መኪናው ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ።

"አስቱ፣ ሳትሞት ባለፈው ሳምንት 'ዕድሩ ደህና ነው?' አለችኝ። 'ደህና ነው እማዬ' አልኳት። ገብተናል ብላ ነው የሞተችው። እግዜር ይመስገን፣ ይህን አላየች።"

ምን ብዬ ላጽናናት? "ገብታችኋል" ያልኩት እኔ፣ በዚች አፌ ነው። ጋሽ አምሃ ቃሌን ከአፌ መንጭቀው ነው መሬት ላይ የጣሉት። ሰውን እንዲህ አድርጎ መካድ አለ?

እሳቸው በሦስተኛው ቀን ልቅሶ ለመድረስ ብቻቸውን መጡ። አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ። በላይነሽ ወንበር አመቻችታ፣ ምሳ አቅርባ፣ "ይብሉ እንጂ ጋሽዬ" እያለች አስተናገደቻቸው። እኔ ማየት አቅቶኝ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሲወጡ አዩኝ። ኮፍያቸውን አድርገው ወረዱ።

ጉባኤው ደርሶ ቃላቸውን ጠበቁ። "ላጤ ወገኖቻችንም ይግቡ" ብለው ያማረ ንግግር አደረጉ፣ ተጨበጨበላቸው፣ የሳቸው ሐሳብ ሆኖ አለፈ። እኔንም ወደፊት ጠርተው "ስለ ተባባሪነትሽ" የሚል የምስጋና ወረቀት በመስታወት አስገብተው ሰጡኝ። ስቀበል ጠጋ ብዬ "የቀድሞ ንጉሠ ነገሥት አደረጉኝ በሉኛ" አልኳቸው። ገባቸው። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ሰዓታቸውን ማሰር ጀመሩ፤ ስብሰባው ገና ብዙ ይቀረው ነበር።

በላይነሽ ግን አልገባችም። ግርማ ቤቷ ድረስ ሄዶ ቢለምናት "እኔ አንዴ ገብቻለሁ፤ ሁለቴ አይገባም" ብላ መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነው የምመለሰው። ከዕድሩ ለምን አልወጣሽም የሚለኝ አለ። ከዕድር ይወጣል እንዴ? እሳቸውም "መንገዴ ነው" አላሉኝ፣ እኔም ቆሜ አልጠበቅሁም። በስብሰባ ላይ ግን አንዳንዴ ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል። እኔም ሳያዩኝ አያቸዋለሁ። ድምፃቸው ይናፍቀኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

እንዲህ እንዳለን ነው ያረፉት።

ግርማ የሕይወት ታሪኩን ያቀበለኝ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ቆሜ አነበብኩት። የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ ጃፓን፣ ኮሌጁ፤ ከዚያ፦ "ዕድሩን ከተመሠረተበት ዕለት ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው ያለማቋረጥ በዳኝነት የመሩ።"

"ግርማ፣ ይሄ ያለማቋረጥ ምንድን ነው?"

"አስቱ ሙች፣ ዛሬ እንኳ ተይው! ሶ፣ ምን ልጻፍ? የሞተ ሰው ነው፣ ምን ይጎድልብሻል?"

ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ሞልቶ ደጅ ተርፏል። ግርማ ጡሩምባውን ነፍቷል፤ ከሥራው ያልቀረ የለም። ሣጥኑን የዕድሩ ወንዶች እየተቀባበሉ ነው ያስገቡት። ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ ይሰማል፤ እሱን ልክ ብሏል። ዓረፍተ ነገሩ ጋ ስደርስ ቀና አልኩ። በላይነሽ ከበሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ዕድሩ አልጠራትም፤ ማን ይጠራታል? እንዲሁ መጥታ ነው።

"ከአንድ ዓመት በቀር፤" አልኩ፣ "ያለማቋረጥ በዳኝነት የመሩ።"

ግርማ አሳለው። ከፊት የተቀመጡት እትዬ ሶስና ራሳቸውን ቀና አድርገው አዩኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩና ወረድኩ።

ከቀብር መልስ ሾርላይን ቤታቸው፣ ሴቶቹ ምግብ ሲያወጡ እትዬ ሶስና ወደ ውስጥ ጠሩኝ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ገባሁ።

"ያችን ዓመት ለምን አነሣሽብን?" አሉኝ ቀስ ብለው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "እህቱን ሊጠይቅ አይደለም የሄደው። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር፣ አገሩ ሊቀር ነበር። ዓመት ሙሉ ደጅ ሲጠና፣ ነገ ና ሲሉት፣ በመጨረሻ 'ከውጭ የመጣ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል' ብለው መለሱት። ሲመጣ 'ሶስና፣ ይቺን ዓመት እንዳታነሺብኝ፤ አልሄድኩም በቃ' አለኝ። አስማለኝ። ለሰውም ለእግዜርም ተናግሬ አላውቅም።"

አሳዘኑኝ፣ አላሳዘኑኝም አልልም። የገዛ ዓመታቸውን ገደል ቢሰዱት መብታቸው ነበር። ግን እኛም አብረን ውስጡ ነበርን እኮ! እማማ ደስታ ውስጡ ነበሩ። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው አልነበሩም ወይ? መኪና አቁሞ ያስተማረኝ ማን ሆነና?

"እትዬ ሶስና፣ ለኔ ቢነግሩኝ እኮ ወንበሩን ራሴ እለቅላቸው ነበር" አልኩ። ያኔ ነው ዕንባዬ የመጣው። እሳቸውም አለቀሱ፤ ተቃቅፈን አለቀስን።

ፊቴን ታጥቤ ስወጣ በላይነሽ ማስታጠቢያና ፎጣ ይዛ እንግዶቹን እጅ ታስታጥባለች። ማንም አላዘዛትም። በዲቪ ከመጣች ብዙ ያልቆየች አንዲት ሴት እጇን እየታጠበች ሽቅብ አየቻትና "እናንተ የዕድሩ ሰዎች እንዴት ታስቀናላችሁ! አንቺም አባል ነሽ አይደል?" አለቻት።

በላይነሽ ወደኔ አየት አደረገች። ፎጣውን ለሴትዮዋ አቀበለቻትና፣ "ነበርኩ" አለች።